ሦስት ዜሮዎች በአንድ ደብተር

በአዊ ዞን ከዳንግላ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው የዳንግሽታ ቀበሌ ነዋሪዎች ለሳይንስ ያበረከቱትን ነገር ከወረዳው ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የቀበሌዋ ሰዎች ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ተባብረው የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውኃ እየለኩ መዝግበዋል። አለካኩ ቀላል ነው። ዝናቡ በመለኪያ ዕቃ ይጠራቀማል፤ ወንዙ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ይቆማል፤ ወደ ጉድጓዱ ሜትር ይወርዳል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 «ጆርናል ኦፍ ሃይድሮሎጂ» በተሰኘው መጽሔት ሲታተም የተመራማሪዎቹ መደምደሚያ ግልጽ ነበር፤ ማኅበረሰቡ የሰበሰበው መረጃ እምነት የሚጣልበት ነው።

ለአገራችን የውኃ ጥናት ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ወደዚህ ሥራ የተሳብኩት በሌላ ምክንያት ነው። ዜሮ ምን እንደሆነ ከብዙ መማሪያ መጽሐፍ በተሻለ የሚያስተምረው እንዲህ ያለ መዝገብ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ያለውን ደብተር በሐሳባችሁ ግለጡት። ዳንግላ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ወረዳ ናት፤ አብዛኛው የሚወርደው ግን ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ የየካቲት ገጽ ላይ የዝናቡ ዓምድ 0፣ 0፣ 0 እያለ ይወርዳል። እያንዳንዱ ዜሮ አንድ ሰው ማልዶ ሄዶ፣ ዕቃውን አንስቶ፣ ደረቅ መሆኑን አይቶ የጻፈው ነው። ወደ ወንዙ ዓምድ እንሻገር። እዚህ ዜሮ ማለት ውኃው ዘንጉ ላይ 0 ከተጻፈበት መስመር ጋር እኩል ሆነ ማለት ብቻ ነው። መስመሩን የመረጠው ዘንጉን የተከለው ሰው ነው፤ ወንዙ ከመስመሩ በታችም ሊፈስ ይችላል። አሁን ወደ ጉድጓዱ ዓምድ እንምጣ። የጉድጓድ ውኃ የሚለካው ከመሬት ወለል ወደ ታች ነው፤ 6 ሜትር ማለት ውኃው ስድስት ሜትር ርቋል ማለት ነው። ታዲያ በነሐሴ አጋማሽ በዚህ ዓምድ ላይ ዜሮ ቢጻፍ ምን ማለት ነው? ጉድጓዱ እስከ አፉ ጢም ብሎ ሞልቷል ማለት ነው!

አንድ ደብተር፣ ሦስት ዓምድ፣ ሦስት ዜሮ። አንደኛው ደረቅነትን ይናገራል፣ ሁለተኛው ሰው የመረጠውን መነሻ፣ ሦስተኛው ሙላትን። «ዜሮ ማለት ምንም ማለት ነው» እያልን ላደግን ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ዜሮ ብቻውን ስለ መኖርም ስለ አለመኖርም አይናገርም። የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ ትርጉሙም የሚገኘው ከጥያቄው ነው። ምን ያህል ዘነበ? ውኃው ከመስመሩ ምን ያህል ከፍ አለ? ውኃው ከእኛ ምን ያህል ራቀ?

በአዊ ዞን የምትገኘውን የእንጅባራን ብርድ የቀመሰ ሰው ይህን በሌላ በኩል ያገኘዋል። ቴርሞሜትሩ ሌሊት 5 ዲግሪ፣ ረፋዱ ላይ 10 ዲግሪ ቢያሳይ «ሙቀቱ እጥፍ ሆነ» የሚል ሰው አይታጣም። ሙቀቱ ግን እጥፍ አልሆነም። የሴልሺየስ ዜሮ ውኃ የሚረጋበት ነጥብ እንጂ ሙቀት የሚያልቅበት ነጥብ አይደለም። ሙቀት ጭራሽ ወደማይቀነስበት መነሻ ለመድረስ ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ መውረድ ያስፈልጋል። ከዚያ ተነስተን ብንቆጥር ከ5 ወደ 10 ዲግሪ የተደረገው ጭማሪ ሁለት ከመቶ እንኳ አይሞላም።

እስካሁን ያልነው ስለ ተጻፈ ዜሮ ነው። ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚሠራው ግን ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ላይ ነው። መዝጋቢው ለቅሶ ሄዶ አንድ ቀን ሳይለካ ቢያድር ደብተሩ ላይ የዚያ ቀን ቦታ ክፍት መሆን አለበት። በዚያ ቦታ 0 ከተጻፈ «ሄጄ አየሁ፣ አልዘነበም» የሚል ምስክርነት ይሆናል። በዚያ ሌሊት 40 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ከነበረ የወሩ ድምር ይበላሻል፤ ድምሩን ተከትሎም የመስኖው፣ የድልድዩና የጉድጓዱ ዕቅድ ይበላሻል። ያልተለካ ነገር ቁጥር የለውም። ዜሮ ግን ቁጥር ነው።

ይህ የፊደል ቆጣሪ ጭቅጭቅ የሚመስለው ካለ ወደ ትምህርታችን ይመልከት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እያንዳንዱ ዜሮ እውነተኛና ከባድ ዜሮ ነበር። ተማሪ ነበረ፣ ፈተና ነበረ፣ ታርሟል፣ ያለፈ ተቆጥሯል፤ ቆጠራው ዜሮ ላይ ቆመ። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የተዘጋው ትምህርት ቤት ስንት ተማሪ አሳለፈ? መልሱ ዜሮ አይደለም። ጥያቄው ራሱ አልቀረበለትም። ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ ላይ በአንድ ምልክት መጻፍ፣ ተፈትኖ የወደቀውን ልጅና ወንበር ያጣውን ልጅ አንድ ማድረግ ነው። አንደኛው የተሻለ ትምህርት ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው መጀመሪያ ሰላም ያስፈልገዋል። ሰንጠረዡን የሚያነበው ባለሥልጣን ልዩነቱን ካላየ የሚወስነው ውሳኔም አይለይም።

በዜሮ ማካፈል ሌላው የተለመደ መሰናክል ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 ዩኤስኤስ ዮርክታውን የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ባሕር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከመርከበኞቹ አንዱ በኮምፒውተሩ የመረጃ ቋት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ 0 አስገብቶ ነበር፤ ፕሮግራሙ በዚያ ቁጥር ሊያካፍል ሞከረ፤ ሥርዓቱ ወደቀ፤ መርከቡን የሚገፋው ኃይል ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ጠፋ። ኮምፒውተሩ የተጠየቀው መልስ የሌለውን ጥያቄ ነበር።

ክፍል ውስጥ «12 ሲካፈል ለ0 ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ «ዜሮ»፣ አንዱ «12 ራሱ»፣ ጎበዝ የሚባለው ደግሞ «ኢንፊኒቲ» ይላል። ሦስቱም አልመለሱም። 12 ለ3 ሲካፈል 4 የሚሆነው 4 በ3 ሲባዛ 12 ስለሚሰጥ ነው። እንግዲህ በ0 ተባዝቶ 12 የሚሰጥ ቁጥር እንፈልግ። የለም፤ የትኛውም ቁጥር በ0 ሲባዛ 0 ነውና። 0 ለ0 ሲካፈልስ? እዚህ ችግሩ ተቃራኒው ነው። በ0 ተባዝቶ 0 የሚሰጥ ቁጥር ሞልቷል፤ 5ም ይሆናል፣ 700ም ይሆናል። በመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይጠፋል፣ በሁለተኛው መልስ ይበዛል፤ ሁለቱም አንድ የተለየ ቁጥር አይሰጡንም። «ኢንፊኒቲ ነው» የሚለውን ደግሞ እንፈትነው። 1ን ለ0.001 ብናካፍል 1000 እናገኛለን፤ አካፋዩ ባነሰ ቁጥር ውጤቱ ወደ ላይ ይመጥቃል። በሌላ በኩል 1ን ለ−0.001 ብናካፍል −1000 ነው፤ በዚህ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ወደ አንድ ዜሮ ከግራና ከቀኝ ስንቀርብ ሁለት ተቃራኒ ቦታ ከደረስን «መልሱ ይህ ነው» ማለት አንችልም።

ተማሪዎቻችን በዚህ ቢደናገሩ ሊያፍሩ አይገባም። ዜሮን እንደ ሙሉ ቁጥር ቆጥሮ የመደመሩን፣ የመቀነሱንና የማባዛቱን ሕግ እ.ኤ.አ. በ628 የጻፈው ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ ራሱ 0 ለ0 ሲካፈል 0 ነው ብሎ ተሳስቷል። ከእርሱ አምስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ የመጣው ዳግማዊ ባስካራም በዜሮ የተካፈለ ቁጥር መጠን የለሽ ነው አለ።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ቤት ልግባ፤ ስለ ዜሮ ከምንሰማቸው ነገሮች ሁሉ የሚያሳዝነኝ አንዱ እዚህ ነው። «ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ ስለዚህ አባቶቻችን ሒሳብ አልነበራቸውም» ይባላል። የመጀመሪያው ግማሽ ስለ ምልክቱ እውነት ነው። ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱትና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ የምናያቸው የግዕዝ አኃዞች ዜሮ የላቸውም፤ ለመጻፍም አያስፈልጋቸውም። ፲ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፤ ፻ም እንዲሁ፤ ፼ም እንዲሁ። 105 ሲጻፍ ፻፭ ነው፤ በመካከል ባዶ ቦታ የሚጠብቅ ምልክት አይፈለግም። 2008 ሲጻፍ ፳፻፰ ነው። ዜሮ እንደ ቦታ ጠባቂ የግድ የሚሆነው አሥር ምልክቶችን ብቻ ይዞ ዋጋቸውን በቦታቸው ለሚለይ አጻጻፍ ነው።

ሁለተኛው ግማሽ ግን ሐሰት ነው። ለማየትም ርቆ መሄድ አያስፈልግም። እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል በአዊም አብያተ ክርስቲያናት ጾምና በዓል የሚወጣው በባሕረ ሐሳብ ነው። ተማሪው ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ የ2016 ዓ.ም. ወንጌላዊ ማን እንደሆነ ሊያወጣ ነው እንበል። 5500 ላይ 2016 ደምሮ 7516 ዓመተ ዓለም ያገኛል፤ ለአራት ያካፍላል፤ 1879 ይደርሳል።

«የኔታ፣ ቀሪ የለም።»

«እንግዲያስ ማን ነው?»

«ዮሐንስ።»

«ተባረክ። ቀጥል።»

ቀሪ የለም ማለት መልስ የለም ማለት አይደለም። አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ዮሐንስ ነው። ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ ዜሮ ላይ ተቀምጧል። የዕለታቱም ስሌት እንዲሁ ነው። ዓመተ ዓለሙና ለአራት ሲካፈል የተገኘው ድርሻ ተደምረው ለሰባት ሲካፈሉ ቀሪ ከሌለ ዓመቱ በሰኞ ይብታል። ዜሮ እዚህ ሙሉ ሥልጣን ያለው መልስ ነው፤ የአንድ ቀን ስም አለው።

ከዚህም የጠለቀ አለ። የ2006 ዓ.ም. ባሕረ ሐሳብ ይታሰብ። 7506 ለ19 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ከዚያ ላይ እንደ ሥርዓቱ አንድ ሲነሳ ወንበር የሚባለው ቁጥር አልቦ፣ ማለትም ባዶ፣ ይሆናል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ አበቅቴ፣ በ19 ሲባዛ መጥቅዕ ይገኛል፤ ሁለቱም ከሠላሳ በላይ ሲሆኑ ለሠላሳ ተካፍለው ቀሪው ይያዛል። ወንበሩ አልቦ ከሆነ ሁለቱም አልቦ ሊሆኑ ነው። መጥቅዕ ግን ቀን ነው፤ መስከረም ዜሮ የሚባል ቀን ደግሞ የለም። ሊቃውንቱ እዚህ አልቆሙም። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምንጊዜም ሠላሳ መሙላት አለባቸው፤ አበቅቴው አልቦ ሲሆን መጥቅዑ ሠላሳ ነው አሉ። በሠላሳ ለሚዞር ቆጠራ 0 እና 30 አንድ ቦታ ናቸው። ይህን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሌላ ስም እናስተምረዋለን።

እስከ መጨረሻው እንሂድ። መጥቅዑ የዋለበት መስከረም 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። የሐሙስ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር፣ 3 ነው። 30 እና 3 ሲደመሩ 33፤ ሠላሳው ሲነሳ 3። ነነዌ የካቲት 3 ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። በዚያ ዓመት የጾመና የፈሰከ ሁሉ ከአልቦ በወጣ ስሌት ነው የጾመውና የፈሰከው። ወንበሩ እንደገና አልቦ የሚሆነው ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ2025 ዓ.ም. ነው። ለዜሮ ምልክት ያልነበራቸው ሰዎች ዜሮን እንዲህ አድርገው ሠርተውበታል፤ ምልክት ማጣትና ሐሳብ ማጣት ለየቅል ናቸው።

የዘመን አቆጣጠራችን ግን አንድ ቦታ ላይ ዜሮ ስለሌለው ያደናግረናል። 5500 ዘመን ተፈጽሞ ቀጣዩ ዓመት ዓመተ ምሕረት 1 ተባለ፤ ዓመተ ምሕረት 0 የሚባል ዓመት የለም። ስለዚህ ሁለት ሺህ ዓመት የሚሞላው 2000 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ ነው። እኛ ሚሌኒየሙን ያከበርነው መስከረም 1 ቀን 2000 ነው፤ አውሮፓውያኑም እንዲሁ በ2000 መጀመሪያ ላይ አከበሩ። በዓሉ የሚያምረው አኃዙ ሲለወጥ ነው፤ ሒሳቡ ግን አንድ ዓመት ቆይቶ ይመጣል።

ስለ ዜሮ አንድ ሌላ ጥያቄ በአጭሩ አንስቼ ልለፍ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባበት ሰሞን የግል ተሽከርካሪዎች በሰሌዳ ቁጥራቸው ጎዶሎና ሙሉ ተለይተው በፈረቃ እንዲንቀሳቀሱ ተደርጎ ነበር። ሰሌዳው በ0 የሚያልቅ ከየትኛው ፈረቃ ነው? ከሙሉው። ለሁለት ሲካፈል ቀሪ የሌለው ቁጥር ሁሉ ሙሉ ነው፤ ዜሮም ለሁለት ሲካፈል አይተርፈውም። በ1 እና በ−1 መካከል ተቀምጦ ጎዶሎ፣ ሙሉ፣ ጎዶሎ የሚለውን ተራ የሚጠብቀው እርሱ ነው።

እንደ ዜሮ ሁሉ ብዙዎችን የሚያደናግሩት ሌሎቹ ምናባዊ ቁጥሮች ናቸው፤ አለመግባባቱም ከስማቸው ይጀምራል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1637 ያወጣላቸው ፈረንሳዊው ዴካርት ነው፤ ሲያወጣውም አክብሮት አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሁሉ «የነጌቲቭ 1 ስኩዌር ሩት» የሚለውን ሲሰማ የሌለ ነገር እንዲያምን የተገደደ ይመስለዋል። በእኔ እምነት ጥፋቱ ከተማሪው ይልቅ ከአቀራረቡ ነው፤ ምክንያቱም እዚያው እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ፊት ምናባዊ ቁጥር ይታያል።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። አባቶችና ፈረሶቻቸው በዓድዋ ለአገር የዋሉትን ውለታ ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 በአዊ ልዩ ልዩ ወረዳዎች ያሉ ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ይሰበሰባሉ። ፈረሱ በእርካብ፣ በልጓምና በኮርቻ ጌጥ ተሸልሞ፣ ጋላቢው ጋሻና ዘንጉን ይዞ፣ ሜዳው በኮቴ ይናጋል። አንዱን ፈረሰኛ ብቻ ነጥለን እንመልከተው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ቆሟል እንበል። ይህን አቋም 1 እንበለው። ፈረሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ቢያዞረው ወደ ምዕራብ ያያል፤ ይህ −1 ነው። በ−1 ማባዛት ማለት እንዲህ ፊትን ወደ ኋላ ማዞር ነው። ሁለት ጊዜ ካዞረው ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ሁለት ጊዜ ሲደገም ፊትን ወደ ኋላ የሚያዞር ነገር ምንድን ነው? ፊት ለፊት መሄድ አይሆንም፤ ሁለት ጊዜ ቢደገም ምሥራቅ ነው። ወደ ኋላ መዞርም አይሆንም፤ ሁለት ጊዜ ቢደገም ያው ምሥራቅ ነው። በቁጥር መስመር ላይ ብቻ ለሚያስብ ሰው መልስ የለም። ፈረሰኛው ግን ያውቀዋል። ልጓሙን ወደ ግራ ስቦ ሩብ ዙር ያዞረዋል፤ ወደ ሰሜን ያያል። አንድ ሩብ ዙር ሲጨምር ምዕራብ ደረሰ። ያቺ ሩብ ዙር ናት የነጌቲቭ 1 ስኩዌር ሩት፤ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1777 «አይ» በምትባለው የላቲን ፊደል የወከላት። አራት ጊዜ ስትደገም ፈረሱ ወደ ተነሳበት ይመለሳል። ኖርዌያዊው ካስፓር ቬሴል እ.ኤ.አ. በ1797፣ ዣን ሮቤር አርጋን በ1806 እነዚህን ቁጥሮች በመስመር ፈንታ በሜዳ ላይ አስቀምጠው አሳዩ፤ ጋውስም በ1831 በሥልጣኑ አጸናው።

ከዚህ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች ይቃናሉ። «የትኛው ይበልጣል፣ አይ ወይስ 1?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ሰሜን ከምሥራቅ አይበልጥም፣ አያንስም። ሌላው የስሌት ስሕተት ነው። √−4 በ√−9 ሲባዛ ብዙ ተማሪ በውስጥ ያሉትን አባዝቶ √36፣ እርሱም 6 ነው ይላል። ትክክለኛው −6 ነው። እያንዳንዱ ሩብ ዙር ይዞ መጥቷል፤ ሁለት ሩብ ዙር ደግሞ ወደ ኋላ ያዞራል።

ከስሕተቶቹ ሁሉ የገነነው ግን የታሪኩ ነው። ምናባዊ ቁጥሮች «በራሱ ተባዝቶ −1 የሚሆን ቁጥር» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሆኑ ሰዎች ፈጠሯቸው ይባላል። እንዲያ አልነበረም። መልስ የሌለው እኩልዮሽ ሲያጋጥማቸው የጥንት ሊቃውንት «መልስ የለውም» ብለው ያልፉት ነበር። ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 10ን ድምራቸው 10፣ ብዜታቸው 40 ወደሆነ ሁለት ክፍል ለመክፈል ሞክሮ የነጌቲቭ ሩት ሲያጋጥመው ረቂቅ ነው፣ ጥቅም ግን የለውም ብሎ ተወው። ማምለጫ ያጡት ሌላ ቦታ ነው። በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ከ15 እጥፉና ከ4 ድምር ጋር የሚተካከል ቁጥር ፈልጉ። መልሱ 4 ነው፤ 4×4×4 = 64፣ 15×4+4 = 64። ምንም ምናብ የለበትም። ይሁን እንጂ በዘመኑ የተገኘው ቀመር ለዚሁ ጥያቄ ሲሠራ √−121 የሚባል ነገር መንገድ ላይ ይደቅናል። እ.ኤ.አ. በ1572 ቦምቤሊ የተባለው ጣሊያናዊ መሐንዲስ አልሸሸም። 2+√−1 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 2+√−121 እንደሚሆን አሳየ፤ የቀመሩ ሁለት ክፍሎች 2+√−1 እና 2−√−1 ሆኑ፤ ሲደመሩ ምናባዊው ተጠፋፍቶ 4 ቀረ። ከእውን ጥያቄ ተነስቶ ወደ እውን መልስ የሚያደርሰው መንገድ በምናባዊው አገር በኩል ያልፍ ነበር። ይህን ታሪክ ሳይሰማ ምልክቷን ብቻ የሚሸመድድ ተማሪ የተነፈገው ነገር ያሳዝነኛል።

«ይሁን፤ እኛን ምን ይመለከተናል?» ለሚል ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ የሚወስደውን መንገድ ላሳየው። በመንገዱ መጨረሻ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ አለ። ከእንዲህ ዓይነት ግድብ የሚወጣው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን እየቀያየረ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። የዚህ ዓይነቱ ኤሌክትሪክ ስሌት በምናባዊ ቁጥር እንዲሠራ ያስተማረው ስታይንሜትዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ በተደረገ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ላይ ዘዴውን አቀረበ። ከዚያ ወዲህ መሐንዲስ ሁሉ ይሠራበታል።

በገበያ ቀን ዳንግላ አንድ ወፍጮ ቤት እንግባ። ሴቶቹ ጤፍና በቆሎ ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ሞተሩ ያጓራል፤ ዱቄቱ ቅንድብ ላይ ሳይቀር አርፏል። በሞተሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ከረንቱን ያዘገየዋል፤ ከረንቱ ከቮልቴጁ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን መዘግየት መሐንዲሱ በምናባዊ ቁጥር ይጽፈዋል። ለስሌት የሚመች ምሳሌ እንውሰድ። መስመሩ 220 ቮልት ነው፤ የሞተሩ ተቃውሞ 3 ኦህም እውን፣ 4 ኦህም ምናባዊ ነው። ሁለቱ ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሚሠሩ ጠቅላላው 5 ኦህም ነው እንጂ 7 አይደለም። 220 ለ5 ሲካፈል በሽቦው 44 አምፔር ይሄዳል። እህል የሚፈጨው ኃይል ከ3ቱ ኦህም የሚመጣው 5,808 ዋት ብቻ ነው። ያንኑ 5,808 ዋት መዘግየቱ ባይኖር ኖሮ 26.4 አምፔር ያደርሰው ነበር። የምናብ ነው የተባለው ክፍል ሽቦው ላይ የሚባክነውን ሙቀት ወደ 2.8 እጥፍ ገደማ ከፍ አደረገው። ሽቦውን የነካ ሰው ሙቀቱን በእጁ ያውቀዋል። መድኃኒቱም ያው ሒሳብ ነው፤ ተቃራኒ ምልክት ያለው ምናባዊ ክፍል የሚጨምር ካፓሲተር ከሞተሩ ጎን ይገጠማል፤ ሁለቱ ምናባዊዎች ይጠፋፋሉ። ቦምቤሊ በወረቀት ላይ ያደረገውን ወፍጮ ቤቱ በሽቦ ያደርገዋል።

ዜሮና ምናባዊ ቁጥር አንድ የሚያገናኛቸው ቦታ አላቸው። እውን ቁጥሮች የተሰለፉበት መስመርና ምናባዊዎቹ የተሰለፉበት መስመር ሲተላለፉ የሚገናኙት ዜሮ ላይ ነው። እውንም ምናባዊም የሆነ ቁጥር ዜሮ ብቻ ነው። ካፓሲተር የሚገጥመው ባለሙያ የሚፈልገውም ምናባዊውን ክፍል እዚያ ማድረስ ነው፤ ለእርሱ ዜሮ ግብ ነው።

በአዊ ዞን ብዙ ልጆች ሒሳብን በአውንጊ ይጀምራሉ፤ ከፍ ወዳለ ክፍል ሲደርሱ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። በዚህ ድልድይ ላይ ሕጉ ብቻ እየተሻገረ ምክንያቱ እንዳይቀር እፈራለሁ። ስለዚህ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በቻግኒና በአዲስ ቅዳም ያላችሁ መምህራን፣ አደራ። «በዜሮ ማካፈል ክልክል ነው» ከማለታችሁ በፊት ተማሪው በ0 ተባዝቶ 12 የሚሰጥ ቁጥር እንዲፈልግ ጊዜ ስጡት። የባሕረ ሐሳብ መምህር በአቅራቢያችሁ ካሉ ወደ ክፍል ጋብዟቸው፤ የአልቦን ስሌት ከእርሳቸው ይስማ። ምናባዊ ቁጥር የምታስተምሩ ደግሞ ትርጓሜውን ከመጻፋችሁ በፊት የቦምቤሊን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ አኑሩት። «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ካለም አታስቀምጡት፤ ባለሙያ አግኙና ወፍጮ ቤት ወስዳችሁ ካፓሲተሩ ከመገጠሙ በፊትና ከተገጠመ በኋላ ያለውን አምፔር አስነብቡት።